ቄቦችን ከነባር ዶሮዎች ጋር ስታቀላቅሉ

ግቢያችሁ ውስጥ ጥቂት ዶሮ አላችሁ እንበል። አሮጌዎቹ ደክመዋል፣ እንቁላሉም ቀንሷል፤ ስለዚህ የ45 ቀን ጫጩት ወይም ሦስት ወር የሞላት ቄብ ልትጨምሩ አስባችኋል። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ነባሮቹ አይነቁሯቸውም ወይ?» ብሎ ነው። ይነቁሯቸዋል። አይቀርም። ግን ቢሾፍቱ ባለው ግቢዬ ዶሮ ሳረባ ደጋግሜ ያየሁት፣ ቄብን የሚገድላት መነቆሩ ራሱ እምብዛም አይደለም። የሚገድላት ከመኖና ከውሃ መባረሯ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ይዛው የመጣችው ወይም ከነባሮቹ የምትቀበለው በሽታ ነው። ስለዚህ እኔ ጭንቀቴን የማውለው እዚያ ላይ ነው። ጠቡን ዶሮዎቹ ራሳቸው ይጨርሱታል።

ከበሽታው ልጀምር። ቢሾፍቱ የዶሮ ከተማ ናት። ብዙ እርባታ እዚህ አለ፣ የእንስሳት ክትባት የሚመረተውም እዚሁ ነው። ዶሮ በበዛበት ግን በሽታም አይጠፋም። አዲስ ዶሮ ከገበያም ይምጣ ከታወቀ አሳዳጊ፣ ግቢዬ ሲገባ ቀጥታ ከነባሮቹ ጋር አይገናኝም። ቢያንስ ሦስት ሳምንት፣ ሲመቸኝ አንድ ወር ለብቻው ይቆያል። ይህ ለብዙ ሰው የተጋነነ ይመስለዋል። ፈንግል የያዛት ዶሮ ምልክቱ እስኪታይባት ከ2 እስከ 15 ቀን ሊወስድ እንደሚችል ስታስቡ ግን የተጋነነ አይደለም። ስትገዟት ዓይኗ የጠራ፣ ላባዋ ያማረ ነው። ሳምንት ሳይሞላ አረንጓዴ ታስቀምጣለች፣ ክንፏን ትጥላለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አንዳንዷም አንገቷ ይጠመዘዛል። ፈንግል ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ያለው ክትባት ብቻ ነው።

ለብቻ ማቆየት ማለት በሽቦ ከፍሎ ጎን ለጎን ማኖር አይደለም። እሱ ሌላ ጊዜ ነው፣ እመጣበታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከነባሮቹ ራቅ ያለ ቦታ፣ ለምሳሌ ከቤቱ ጀርባ ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ፣ የራሳቸው መጠጫና የራሳቸው መመገቢያ ኖሯቸው ነው። እኔ ጠዋት መጀመሪያ ነባሮቹን አበላለሁ፣ አዲሶቹን መጨረሻ ላይ። ከእነሱ ስወጣ እጄን እታጠባለሁ፣ ጫማም እቀይራለሁ። ጫማ የምለው ኩሱ የሚጓዘው በጫማ ስለሆነ ነው። እነሱ ጋ ብቻ የምጫማው አሮጌ ቦቲ በራቸው ላይ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው የበዓል ዶሮ ነገር አለ። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ከገበያ የተገዛው አውራ ዶሮ እግሩ ታስሮ ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ነባሮቹ ይከቡታል፣ ከሳህኑ ይጠጣሉ፣ የተበተነለትን ጥሬ ይለቅማሉ። እሱ ደግሞ ከየገጠሩ ከመጣ ዶሮ ጋር ሲጋፋ የዋለ፣ ከዚያም መኪና ላይ ተዘቅዝቆ የመጣ ነው። ሰው ለቄቦቹ ተጠንቅቆ፣ ለክትባት ገንዘብ አውጥቶ፣ በዚህ በኩል በሩን ክፍት ይተወዋል። ለእርድ የመጣውን ዶሮ እባካችሁ ዶሮዎቻችሁ በማይደርሱበት ቦታ እሰሩት፤ ላባውንና የሆድ ዕቃውንም ዶሮ በማይጭርበት ቦታ ቅበሩ። በተለይ ክረምቱ ሲገባ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ፈንግል ይበረታልና ያኔ እኔ ከገበያ የመጣ ዶሮ ግቢዬ እንዲያድርም አልፈቅድም።

ክትባቱን ስትሰጡ ልብ የምትሉት ውሃውን ነው። ላሶታ የሚባለው የፈንግል ክትባት በመጠጥ ውሃ ይሰጣል። ክትባቱ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይገድለዋል። የዝናብ ወይም የጉድጓድ ውሃ ተጠቀሙ፤ ከሌለ የቧንቧውን ውሃ አሳድራችሁ፣ ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት በጥቂቱ ጨምሩበት፤ የተረፈውን ክሎሪን ኃይል ያሳጣዋል። ዶሮዎቹ እንዲጠሙ አንድ ሁለት ሰዓት ውሃ ታነሱባቸዋላችሁ፣ ከዚያ የተበጠበጠውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሰው እንዲጠጡት መጠኑን ታሳንሳላችሁ። ብልቃጡን ከመሸጫው ስታመጡት በረዶ ባለበት ፔርሙዝ ይሁን። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ እኛ ሰፈር ተጠራርተን በአንድ ቀን ነው የምናስከትበው፤ ነባሮቹም አዲሶቹም በዚያው ይከተባሉ።

ለብቻቸው እያሉ አንድ ቀን ማታ እያነሳችሁ ፈትሿቸው። ክንፏን ገልጣችሁ፣ ከዚያ ከጅራቷ በታች ያለውን ላባ ከፍላችሁ እዩ። ላባው ሥር ነጭ እንክብል ተጣብቆ ካያችሁ የቅማል እንቁላል ነው። ቅንቅንና ቅማል ወደ ነባሮቹ ከተሻገረ በኋላ ማጥፋቱ ፈተና ነው። ቅንቅኑ ቆጡ ስንጥቅ ውስጥ እየገባ ይደበቃል። እዚያው ለብቻቸው እያሉ ማከም ይቀላል።

አሁን ስለ ዕድሜ። የ45 ቀን ጫጩት ላባ ለብሳ ትልቅ ትመስላለች፣ ግን ከነባሮቹ ጋር ለመቀላቀል ገና ናት። እኔ ሦስት ወር እስኪሞላቸው፣ ቢቻል ከዚያም ትንሽ እስኪያልፉ እጠብቃለሁ። ክብደት ብቻ አይታችሁ ግን አትወስኑ። ሳሶ የምትባለው የውጭ ዝርያ በሦስት ወሯ ከሐበሻዋ ዶሮ ልትከብድ ትችላለች። የሐበሻዋ ከአንድ ኪሎ ብዙም አትበልጥም። ታዲያ ያቺ ወፍራም ሳሶ ቄብ ክሳ ቀልጣፋ ከሆነች አሮጌ የሐበሻ ዶሮ ስትሸሽ ነው የምታዩት። የሚወስነው ኪሎው አይደለም። ነባሯ ግቢውን ታውቀዋለች፣ መጣላትም ታውቃለች። ቄቧ ሁለቱንም ገና ትማራለች።

ሌላው ነገር ብቻዋን የምትገባ ቄብ አትኑር። አንዷን ብቻ ካስገባችሁ የሁሉም ምንቃር እሷ ላይ ያርፋል። ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም በላይ ሆነው አብረው ያደጉ ቢሆኑ መሸሹንም መብላቱንም አብረው ይችሉታል።

የለይቶ ማቆያው ጊዜ በሰላም ካለፈ በኋላ ነው ጎን ለጎን የማስቀምጣቸው። የዶሮ ቤቱን አንድ ጥግ በወንፊት ሽቦ ከፍዬ ቄቦቹን እዚያ አስገባለሁ። ይተያያሉ፣ ድምፅ ይሰማማሉ፣ ግን አይነካኩም። አንድ ሁለት ሳምንት እንዲህ ይቆያሉ። ዶሮ ዶሮን በፊቷና ራሷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ለይታ ታውቃለች፤ ማን ከማን እንደሚበልጥም እያንዳንዷ ይዛ ነው የምትዞረው። ይህን ደረጃ ልጅ ሆኖ ዶሮ ሲመለከት ያደገው ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤቤ እ.ኤ.አ. በ1921 በጥናት ጽፎታል። አዲስ ፊት ሲመጣ ደረጃው እንደገና ይወጣል። ሽቦው የሚጠቅመው የዚህን ጠብ ግማሽ ያለ ደም ስለሚጨርስላችሁ ነው። መጀመሪያ ቀን ነባሮቹ ሽቦው ሥር ተሰልፈው አንገታቸውን አስረዝመው ያያሉ፣ የአንገታቸውን ላባ ይነፋሉ፣ ሽቦውን ይነቁራሉ። ከቀናት በኋላ እዚያው ሽቦ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተው አመድ ሲታጠቡ ታገኟቸዋላችሁ። እኔ የምጠብቀው ያንን ነው። የቀኑ ቁጥር ሳይሆን ጀርባ መስጠታቸው ነው ዝግጁ መሆናቸውን የሚነግረኝ። መመገቢያቸውንም በዚህ ጊዜ ሽቦው አጠገብ፣ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት አደርገዋለሁ፤ እየተያዩ መብላት እንዲለምዱ።

መኖ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የእንቁላል ጣይ መኖ ለቄብ አይሆንም። ጣይ መኖ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ይደርሳል። ገና እንቁላል ያልጀመረች ቄብ የሚያስፈልጋት 1 በመቶ አካባቢ ነው። ትርፉ ኩላሊቷን ይጎዳል፣ ጉዳቱ ደግሞ ዛሬ ሳይሆን መጣል ስትጀምር ነው የሚታየው። አብረው ከሆኑ በኋላ ማን ከየትኛው እንደሚበላ መቆጣጠር ስለማይቻል እኔ ለሁሉም የቄብ መኖ እሰጣለሁ፤ ለጣዮቹ ደግሞ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ታጥቦ ደርቆ የተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት በተለየ ሳህን አስቀምጣለሁ። ካልሲየም ያስፈለጋት ዶሮ ራሷ ሄዳ ትለቅማለች። ቄቦቹ ቀምሰው ይተዉታል። ቤት ውስጥ ፉርሽካ፣ በቆሎና የኑግ ፋጉሎ ቀላቅላችሁ የምታበሉም ብትሆኑ ኖራውን ከድብልቁ አውጡና ለብቻ አድርጉት።

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዶሮ ያረቡ፣ «ልጄ፣ ማታ ቆጥ ላይ አስቀምጫቸው፤ ሲነጋ አብረው የኖሩ ይመስላቸዋል» ይሉኛል። ምክሩ ጥሩ ነው። ዶሮ ጨለማ ውስጥ አታይም፣ ስለዚህ ማታ አትጣላም፣ ቄቧም ያለ ድንጋጤ ታድራለች። ግን ማታ ማስገባቱ ብቻውን አይበቃም። ሲነጋ ነባሮቹ አይሳሳቱም፣ አዲስ መሆኗን አይተው ያውቃሉ። ቀድመው በሽቦ ካልተዋወቁ ማታ የገቡት ጠዋት ጠባብ ቤት ውስጥ ተዘግተው ይደበደባሉ። ስለዚህ ሁለቱንም አድርጉ። ሽቦው ይቅደም፣ ከዚያ አንድ ማታ ቆጥ ላይ አውጧቸው፤ ዋናው ነገር ግን ጠዋት ጎህ ሲቀድ ተነስታችሁ በሩን መክፈት ነው። ያቺን ማለዳ አትተኙ። ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ቤት የምትውሉበት ቀን ይሁን።

ቆጡ ሰፊ ይሁን። ለአንዲት ዶሮ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ቁጠሩ። እኔ የባሕር ዛፍ አጠና ነው የምጠቀመው፣ ሁሉንም በአንድ ከፍታ። አንዱ ከፍ ካለ ለዚያ ሲሉ በየማታው ይጣላሉ፣ ቄቦቹም እየተገፈተሩ ይወድቃሉ።

ለመጀመሪያው ቀን በሩን ከመክፈቴ በፊት የማሰናዳው ይህ ነው። መመገቢያ ሦስት ቦታ፣ ውሃ ሦስት ቦታ፣ እርስ በርስ በማይተያዩበት። የተቆረጠ ጀሪካንም ሳህንም ይሆናል። አንዷ ዶሮ ሁለት መመገቢያ መጠበቅ ትችል ይሆናል፣ ሦስተኛው ግን ከቤቱ ማዶ ከሆነ አትችልም። ከዚያ አንድ ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ በአግድም አዘንብዬ አቆማለሁ፣ ግራና ቀኙ ክፍት ሆኖ። ቄብ ተባርራ ስትመጣ በአንዱ ገብታ በሌላው ትወጣለች። መውጫ የሌለው ጥግ ከሆነ ግን ወጥመድ ነው፣ እዚያ ተይዛ ራሷ እስኪደማ ትነቆራለች። አንድ ጥቅል ጎመንም በገመድ አንገታቸው በሚደርስበት ላይ አንጠለጥላለሁ። ነባሮቹ እሱን ሲዘሉ ረፋዱ ያልፍላቸዋል።

እንዴት እንደሚሆን ላሳያችሁ። ቦቫንስ የሚባለው የእንቁላል ጣይ ዝርያ የሆነችው ቀይዋ ዶሮዬ የቤቱ አለቃ ናት። አንዲቱ ኮይኮይክ የሚባለው ዝርያ ገብስማ ቄብ ወደ መመገቢያው ስትጠጋ ቀይዋ ከቦታዋ አትነሳም። አንገቷን ብቻ ቀና አድርጋ በአንድ ዓይኗ ታያታለች። ቄቧ ቆመች። አንድ እርምጃ። ቀይዋ አንዴ ራሷ ላይ ጠቅ አደረገቻት፣ ቄቧ አንገቷን ሰብራ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ቀይዋም መብላቷን ቀጠለች። አለቀ። ይህ ጤነኛ ነው፣ አትግቡበት። የተሸነፈች ዶሮ ዝቅ ብላ ስትሸሽ አሸናፊዋ ካቆመች ሁለቱም ሥራቸውን ጨርሰዋል። እናንተ ገብታችሁ ስትለያዩ ጉዳዩን ለነገ ነው የምታሳድሩት።

መግባት ያለባችሁ የሸሸችውን ተከትላ የምትደበድብ ስትኖር ነው። ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ የምታሳድድ፣ ጀርባዋ ላይ ወጥታ የራስ ላባ የምትነቅል። ያኔ ብዙ ሰው ተጎጂዋን ያወጣል። እኔ የማወጣው ደብዳቢዋን ነው። ለጥቂት ቀን በሽቦው ክፍል ለብቻዋ ትቀመጣለች። ስትመለስ እሷ ናት አዲስ የምትሆነው፣ ደረጃዋን ከታች ትጀምራለች፣ ቄቦቹም እስከዚያ ቤቱን ለምደውታል። ይህ ዘዴ ለእኔ ሳይሠራ የቀረበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል።

ደም ካያችሁ ግን አትጠብቁ። ዶሮ ቀይ ነገር ስታይ መንቆር አታቆምም፤ አንዷ የጀመረችውን ሌሎቹ ይቀጥሉበታል። የቆሰለችውን ወዲያው አውጡ፣ ቁስሉን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ከፋርማሲ የሚገዛውን ሐምራዊ ጂቪ ቀቡት። ቁስሉንም ያደርቃል፣ ቀዩንም ይሸፍናል። ድና ስትመለስም አንድ ጓደኛዋን አብራችሁ ያዙላት፣ ሁለት ሆነው ይግቡ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ያልኩትን ረሃብና ጥም። ቀን ላይ ሰላም ሊመስል ይችላል። ማንም ማንንም አይነቁርም፣ ቄቦቹ ጥግ ላይ ቆመዋል፣ እናንተም «ተስማሙ» ብላችሁ ትገባላችሁ። ቄቦቹ ጥግ ላይ የቆሙት ግን መመገቢያው ጋ መሄድ ፈርተው ነው። በዓይን አትወስኑ፣ ማታ ቆጥ ላይ ሲወጡ እጃችሁን አንገቷ ሥር፣ ደረቷ በስተቀኝ ያለው የምግብ ከረጢት ላይ አድርጉ። ሞልቶ እንደ ኳስ ከተወጠረ በልታለች። ጠፍጣፋ ባዶ ከሆነ ያቺ ቄብ ቀኑን ሙሉ ጾሟን ውላለች። እንዲህ ሆኖ ካገኛችኋት ለብቻዋ አብሏት፣ በማግሥቱም አንድ ተጨማሪ መመገቢያ ሌላ ቦታ ጨምሩ። በየሳምንቱ ደግሞ የደረቷን አጥንት ዳስሱ። ሹል እየሆነ ከመጣ እየከሳች ነው። እኔ በዚህ ዘዴ ላይ ላዩን ምንም የማይታይባቸው ቄቦች ሲራቡ ደርሼባቸዋለሁ።

ጥግ የያዘች ቄብ ስታዩ ግን በሽታንም አስቡ። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ኩሷ ደም ካለበት ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል። ነባሮቹ ተለማምደውት ሳያማቸው በኩሳቸው ያወጡታል፣ ቄቦቹ ግን ገና ናቸው። እርጥብ ሰጋቱራ ውስጥ ይራባል፤ ስለዚህ እኔ በሐምሌና በነሐሴ ዶሮ አላቀላቅልም፣ መስከረም ወጥቶ መሬቱ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። አምፕሮሊየም የሚባለው መድኃኒት በውሃ ተበጥብጦ ይሰጣል፣ መጠኑን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቃችሁ። መጠጫው ዙሪያ የረጠበውን ሰጋቱራ በየቀኑ ማውጣቱ ግን ከመድኃኒቱ ይቀድማል።

አውራ ዶሮ ካላችሁ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። ሁለት ዶሮዎች ሲጣሉ መሐላቸው ገብቶ ይለያያል፣ ምግብ ሲያገኝም ቄቦቹንም ይጠራል። ከቄቦቹ መሐል ወንድ ካለ ግን አራት ወር አካባቢ ሲጮህ አሮጌው አይተወውም፤ ቀድማችሁ አውጡት ወይም ለበዓል አስቡት።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው መንገድ የታቀፈች የሐበሻ ዶሮ ናት። እናት ሆና እዚያው ግቢ ያሳደገቻቸው ጫጩቶች የሚያስታርቅ አያስፈልጋቸውም። ማንም ቢጠጋቸው እናትየዋ ጭልፊትም ቢሆን አትመለስም። ስትተዋቸው ቤቱን፣ ነባሮቹን፣ የት እንደሚሸሽ ሁሉን ያውቃሉ። ቦታና ትዕግሥት ያላችሁ ሰዎች ይህን አስቡበት። ቦቫንስና መሰሎቿ ግን እምብዛም አይታቀፉም፣ ስለዚህ አንዲት የሐበሻ ዶሮ ግቢ ውስጥ መኖሯ ጥሩ ነው።

በመቀላቀሉ ሰሞን የነባሮቹ እንቁላል ቢቀንስ አትደንግጡ፣ ሲረጋጉ ይመለሳል። ቄቦቹ እንቁላል መጣያ ሳጥን ውስጥ ማደር ከጀመሩ ግን ዝም አትበሉ፤ ኩሳቸው ሳጥኑን ያበላሻል። ሲመሽ አፉን በማዳበሪያ ሸፍኑት፣ ጠዋት ነባሮቹ ሳይደርሱ ክፈቱት። የቄቦቹ ራስ ቀይ ሥጋ ደምቆ፣ እጃችሁን ጀርባቸው ላይ ስታደርጉ ዝቅ ብለው መቀመጥ ሲጀምሩ እንቁላሉ ቀርቧል። ያኔ ለአራት ዶሮ አንድ ሳጥን እንዲደርስ አድርጉና የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች መጣል ሲጀምሩ የቄብ መኖውን ቀስ በቀስ ወደ ጣይ መኖ ቀይሩት።